የሁለት መቶ ዶላር ሊቅ

ገንዘብ ያለው ሰው ዕውቀት አያሻውም። ይህን የምለው ባለጸጎችን ለመንቀፍ አይደለም፤ በአትላንታ ከተማ ስልክ ሲገዙ አጠገባቸው ቆሜ ስላየሁ ነው። ባለጸጋው ወደ መደብሩ ይገባል፤ በቅርብ የወጣው የትኛው እንደሆነ ይጠይቃል፤ ቀለም ይመርጣል፤ ካርዱን አስነክቶ ይወጣል፤ ስለ ባትሪው ጕልበት፣ ስለ ሚሞሪው ስፋት፣ ስለሚቀበለው ሞገድ ዓይነት፣ ፋብሪካው ስንት ዓመት አፕዴት እንደሚልክለት አንዲት ቃል ሳይማር ኖሮ አንዲት ቃል ሳይማር ወደ አባቶቹ ይሰበሰባል። ሁለት መቶ ዶላር በኪሱ ይዞ የሚመጣው ምስኪን ግን፣ ከሁለት መቶው በላይ የምታልፈው እያንዳንዷ ዶላር ከቤት ኪራዩ ላይ እንደምትቀነስ ያውቃልና፣ የመደብሩን ደጃፍ ከመርገጡ አስቀድሞ፣ ከንባብ ቤት ተጀምሮ በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት አልፎ እስከ መጻሕፍት ትርጓሜ የሚዘልቅ ትምህርት መፈጸም ይኖርበታል። ሊቃውንት ከባለጸጎች ይልቅ ከድኾች ወገን የሚበዙበት ምክንያት ይኸው ይመስለኛል።

እኔ ወደዚህ ጉባኤ የገባሁት ስልኬ ሞቶብኝ አይደለም። ስልኬ፣ ማዕዘኑ ላይ ከተሰነጠቀው መስተዋቱ በቀር፣ ጤነኛ ነበረ፤ ሲደወልለት ይጮኻል፣ ሲነኩት ይነቃል፣ ማታ ቻርጅ ከተደረገም እንደ ምንም ብሎ እስከ ቀትር ይደርሳል። ዳሩ ግን በ2017 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ አንድ ማለዳ፣ ጥቂቷን ገንዘቤን የማስቀምጥበት ባንክ፣ የስልኬ ሶፍትዌር ከዘመኑ ኋላ የቀረ ስለሆነ ከዚያ ዕለት ጀምሮ በእርሱ በኩል እንደማያነጋግረኝ በስክሪኑ ላይ ዐዋጅ አወጣ፤ ብዙም ሳይቈይ፣ የመኪና ማቆሚያ የምጠብቅበት መሥሪያ ቤት የሥራ ተራ የሚነግረን አፕ ያንኑ ቃል ደገመው። ነፍሱ ሳትወጣ ፍትሐት የተደረገለት ሲገጥመኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ገላው ገና ሙቅ ነው፤ ስሙ ግን ከሕያዋን መዝገብ ተፍቋል።

የምኖረው ከአትላንታ በስተምሥራቅ፣ ሁለት ሰማንያ አምስት ከተባለው አውራ ጎዳና ወዲያ ማዶ፣ በክላርክስተን ነው። ይህች ትንሽ ከተማ ከቡታን፣ ከበርማ፣ ከሶማሊያ፣ ከኮንጎ፣ ከሶርያ፣ ከኤርትራና ከእኛው አገር የመጣ ስደተኛ ተሰብስቦባት፣ ጋዜጠኞች በአሜሪካ ምድር ከሁሉ ይልቅ ልዩ ልዩ ሕዝብ የሰፈረባት አንዲት ካሬ ማይል እያሉ የሚጽፉላት ናት። ለእኔ ግን የከተማዪቱ ዋና ጠባይ ሌላ ነው፤ ስለ ስልክ ምክር የማይሰጥ ሰው በውስጧ አይገኝም። ሰው ሲሰደድ ቤቱንም ርስቱንም የአባቱንም መቃብር ጥሎ ስለሚመጣ፣ ከቀረው ወገኑ ጋር የሚያገናኘው በእጁ የጨበጠው ቀፎ ብቻ ነውና፣ ስለ ቀፎ የሚከራከረው ስለ ሃይማኖት በሚከራከርበት ቍጣ ነው።

ከመካሪዎቼ የመጀመሪያው በጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእኅቴ ልጅ ነበረ። እርሱ ከአይፎን ወዲያ ስልክ መኖሩን አያምንም።

«ጋሼ፣ ሌላ ነገር ከገዛህ ለአንተ የምንጽፈው መልእክት በእኛ ስልክ ላይ አረንጓዴ ነው የሚሆነው» አለኝ፤ ድምፁም የቤተ ሰብ ነውር የሚናገር ሰው ድምፅ ነበረ።

«አረንጓዴ ቢሆን ምን አለበት?»

«ሰማያዊ ነው መሆን ያለበት።»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ አይፎን የያዘ ሰው ለመሰሉ የጻፈው መልእክት በሰማያዊ መደብ ላይ ይሰፍራል፤ ለሌላው የጻፈው ግን በአረንጓዴ ይሰፍርና በአሜሪካ ወጣቶች ዘንድ ተቀባዩ ከማኅበር እንደ ተለየ ሰው ይታያል። እኔ በበኩሌ፣ ከቢጫና ከቀይ ጋር በተሰለፈ ጊዜ ደረታችንን የምንነፋበት አረንጓዴ ለብቻው ሲሆን ስለ ምን ኀፍረት እንደሚሆን አልገባኝምና ዋጋውን ጠየቅሁ። በዚያው በየካቲት ወር አፕል አነስተኛ ይባል የነበረውን በ429 ዶላር የሚሸጠውን ኤስኢ የተሰኘውን አይፎን ከገበያ አንሥቶ በምትኩ በ599 ዶላር ሌላ አውጥቶ ነበር። ልጁም ይህን ሲነግረኝ «ርካሹ እኮ ነው» የምትል ቃል ጨመረበት። ባይሆን እስከ ጥቁር ዓርብ፣ ነጋዴው ሁሉ ዋጋ እስከሚቀንስበት እስከ ኅዳር አጋማሽ እንድታገሥም መከረኝ። ጥቁር ዓርብ አብዛኛውን ጊዜ ኅዳር 15 ከሚገባው ከጾመ ነቢያት ውስጥ ይውላልና፣ በጾም ቀን በመደብር ደጃፍ እየተጋፉ ማደርን ለነፍሴ ፈራሁላት፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ባንኩ እስከ ኅዳር አይጠብቀኝም።

ሁለተኛው መካሪዬ በሃርትስፊልድ ጃክሰን አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ የሚያሽከረክሩ፣ በዕድሜ የሚበልጡኝና «ጋሼ» የምላቸው የአገሬ ሰው ናቸው። ተሳፋሪ እስኪደርሳቸው ተራ ሲጠብቁ የሚያነቡት፣ የሚያሰላስሉትና የሚፈርዱት ብዙ ስለሆነ ቃላቸው ይከበራል። «አሜሪካ ውስጥ ስልክ መግዛት ሞኝነት ነው፤ ከአዲስ አበባ ቴክኖ አስመጣ» አሉኝ። እውነትም ቴክኖ የሚባለው ስልክ በአገራችን ምድር የሚገጣጠም፣ በአማርኛ የሚያነጋግር፣ ሁለት ሲም የሚይዝ፣ ባትሪውም መብራት ለሚጠፋበት አገር የታሰበ ስለሆነ ምስጋና ይገባዋል። እርሳቸውም ለዕረፍት ሄደው አንዱን ገዝተው ተመለሱ። አዲስ አበባ ሳለ ሌት ተቀን ሲያወራ የነበረው ቴክኖ ግን አትላንታ ሲያርፍ አፉ ተያዘ።

ምክንያቱን ለማወቅ ትምህርቴን ወደ ሞገድ ምዕራፍ ማዝለቅ ግድ ሆነ። የአሜሪካ የስልክ ኩባንያዎች ከከተማ ራቅ ወዳለው ስፍራና ወደ ሕንጻ ውስጥ ዘልቆ ለመግባት የሚጠቀሙባቸው በ600 እና በ700 ሜጋኸርዝ አካባቢ ያሉት ሞገዶች፣ ለአፍሪካ ገበያ በተሠሩ ብዙ ስልኮች ውስጥ አይገኙም። ዳግመኛም እ.ኤ.አ. በ2022 ታላላቆቹ ኩባንያዎች ሦስተኛውን ትውልድ መስመር፣ ኤቲኤንድቲ በየካቲት፣ ሌሎቹም እስከ ዓመቱ መጨረሻ እየተከታተሉ ስለ ዘጉት፣ ከዚያ ወዲህ ድምፅ ራሱ የሚተላለፈው በአብዛኛው በአራተኛውና በአምስተኛው ትውልድ ነው፤ ስለዚህ ኩባንያው በዚህ መንገድ እንዲነጋገር የማያውቀውና የማይፈቅድለት ስልክ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን አይደውልም። ይህን ሁሉ ለጋሼ በዝርዝር ባስረዳቸው፣ «እኔም ብያለሁ፤ ስልኩ ደህና ነው፤ ችግሩ የአገሩ ነው» ብለው ረቱኝ። አሁን ቴክኖው በታክሲያቸው ውስጥ የመዝሙር ማጫወቻ ሆኖ ያገለግላል።

ሦስተኛዋ ከቅዳሴ በኋላ ቡና የሚያፈሉልን እትዬ ነበሩ፤ የእርሳቸውም ምክር ከስልኩ አልፎ እስከ መስመሩ ይደርሳል።

«አንተ ልጅ፣ ለብቻህ መስመር ይዘህ ምን ታደርጋለህ? በእኛ ፋሚሊ ፕላን ውስጥ አንድ ቦታ አለ፤ ግባ» አሉኝ።

ፋሚሊው እነማን እንደሆኑ ብጠይቅ፣ እርሳቸው የይፋት ሰው፣ ሁለተኛው የጅማ፣ ሦስተኛዋ የአስመራ፣ አራተኛው ደግሞ ጠጕራቸውን የምትሠራላቸው ሴት ባል ሆኖ ተገኘ። ደም ያላዛመደውን ቢል አዛምዶታል። በየወሩ መዋጮውን የሚሰበስቡት፣ ያዘገየውን የሚገሥጹት፣ የተጣላውን የሚያስታርቁት እርሳቸው ናቸው፤ የስልክ ኩባንያው ይህን ዝምድና ቢያውቀው ምን እንደሚል እንጃ፣ ዕድራችን ግን ቢያየው መተዳደሪያ ደንቡን ይቀዳው ነበር።

«ባለፈው ታኅሣሥ አንዱ ሳይከፍል ቀርቶ የአራታችንም ስልክ ተቈረጠ፤ የገና ዕለት እንኳን አደረሰህ የምንባባል ጠፋን» አሉ እያዘኑ።

«ታዲያ አስወጣችሁት?»

«ዘመድ ይወጣል እንዴ?»

ገባሁ። ለመስመሩ በዚህ ተገላገልኩ፤ ቀፎው ግን ገና ነው።

ሊቅ መሆን ካልቀረልኝ ነገሩን ከሥሩ ልመርምረው ብዬ ስነሣ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ትዝ ያሉኝ ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው። ራስ መኰንን ከኢጣልያ ሲመለሱ ይዘውት የመጡት ስልክ በቤተ መንግሥቱ በተተከለ ጊዜ፣ ሥጋ የሌለው ድምፅ ከሣጥን ውስጥ ሲናገር የሰሙ ካህናት ይህ የሰይጣን ሥራ ነውና ይነሣ ብለው እንደ ተቃወሙ፣ ንጉሡም ቃላቸውን ሰምተው ስልኩን ግን እንዳላስነሡት ይተረካል፤ ከዚያም በኋላ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር ሽቦ ተዘረጋ፤ የዛሬው ኢትዮ ቴሌኮምም ዕድሜውን የሚቈጥረው እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ነው። ልጅ ሳለሁ ይህ ታሪክ ሲነገር በካህናቱ እስቅ ነበር። ዛሬ ግን፣ የሰው መኪና ሳቆም ውዬ ማታ ገብቼ እግሬን ለብ ባለ ውሃ እንደ ነከርኩ፣ ከማላውቀው ቍጥር ተደውሎ ሥጋ የሌለው ድምፅ የመኪናዬ ዋስትና ሊያልቅ መሆኑን ሲያረዳኝ፣ መኪና የሌለኝ ሰው እንደ መሆኔ መጠን፣ የአበውን ነገር አቃልዬ ማለፍ ይቸግረኛል።

ከምኒልክ ወደ አሜሪካ ብንሻገር፣ በእጅ የሚያዘው ስልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1983 በሞቶሮላ ኩባንያ ሲሆን ዋጋው 3,995 ዶላር ነበረ፤ ለግማሽ ሰዓት ጨዋታ ዐሥር ሰዓት ያህል ቻርጅ ይፈልግ ነበር ይባላል፤ ይህም ከአሮጌው ስልኬ ጋር እጅግም የሚራራቅ አይደለም። በዚያው ስም የሚጠራ ስልክ ዛሬ በ150 ዶላር ይገኛል። የአትላንታ ከተማም ከዚህ ጣጣ ነጻ አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2007 ስቲቭ ጆብስ በሳን ፍራንሲስኮ መድረክ ላይ የመጀመሪያውን አይፎን አውጥቶ ለዓለም ሲያሳይ፣ በአሜሪካ ብቻውን እንዲሸጥለት ውል የገባው ሲንጉላር የተባለው ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤቱ አትላንታ ነበረና። የመነሻ ዋጋው 499 ዶላር ነበረ፤ ያውም የሁለት ዓመት ውል ተፈርሞበት። የእኅቴ ልጅ በሰማያዊና በአረንጓዴ ሲከፋፍለኝ፣ የነገሩ አንደኛው ሥር ከቤቴ በባቡር በሚደረስበት ስፍራ የተተከለ መሆኑን አያውቅም።

ሥሩን ትቼ ወደ ቅርንጫፉ ብመለስ፣ በየመደብሩ መስኮት ላይ የተሰቀለው ማስታወቂያ ሁሉ ስልክ በነጻ የሚያድል ነው። እዚህ ላይ ነው የትርጓሜ ትምህርት የሚያሻው። በሰው ቁመት ልክ በተጻፈው ፊደል ላይ የሚነበበው ንባቡ ነው፤ በታችኛው ኅዳግ፣ መነጽሬን አውልቄና ዓይኔን ከመስተዋቱ አጣብቄ ያነበብሁት ደቂቅ ጽፈት ደግሞ ትርጓሜው ነው። ትርጓሜውም እንዲህ ይላል፤ የስልኩ ዋጋ ለሠላሳ ስድስት ይከፈላል፤ በየወሩ አንዱ እጅ በቢሉ ላይ ይቈጠርና በዚያው በቢሉ ላይ ይመለሳል፤ ይህም የሚሆነው ከመስመሮቹ ውድ የሆነውን ለያዘ፣ አሮጌ ስልኩንም ደህና ሆኖ ላስረከበ፣ ሦስቱን ዓመት ሙሉ ላልተንቀሳቀሰ ሰው ነው፤ በመካከሉ ልውጣ ያለ የቀረውን በአንድ ጊዜ ይከፍላል። ያዕቆብ ለላባ ሰባት ዓመት የተገዛው ስለ ራሔል ነበረ፤ ያም ሆኖ ሲነጋ ያገኛት ልያን ነው። እኔ ሦስት ዓመት ተገዝቼ የማገኘው ስልክ፣ የመጨረሻው ወር በደረሰ ጊዜ ልያ እንደሚሆን የአሮጌው ስልኬ ዕድል ምስክር ነው።

ነጻውን ሸሽቼ ወደ ርካሹ ብዞር ሌላ መሰናክል ጠበቀኝ። በየታላላቁ መደብር በካርድ የሚሠራ አዲስ ስልክ ከአርባና ከኀምሳ ዶላር ጀምሮ ተሰቅሎ ይገኛል፤ ዋጋው እንዲህ የወረደው ግን ስልኩ በሸጠው ኩባንያ መስመር ላይ ስለ ተቈለፈ ነው። ፕሬዚዳንት ኦባማ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 በፈረሙት ሕግ ስልክ ማስከፈት ለባለቤቱ የተፈቀደ ቢሆንም፣ ኩባንያዎቹ ቍልፉን የሚሰጡት ስልኩ በእነርሱ መስመር ላይ ወራት ከቈየ በኋላ ነው። አንድ የሰፈራችን ሰው ይህን ሳያጣራ ከእነዚያ ሁለቱን ለእኅቶቹ ገዝቶ አዲስ አበባ ላከ። እኅቶቹ ሲሙን ቢከቱት ስልኮቹ «የዚህ መስመር አይደለህም» ብለው መለሱት፤ መርካቶ ወስደው ለሚያስከፍቱ ልጆች ቢያሳዩአቸውም ለማስከፈቻ የተጠየቀው ገንዘብ ከስልኩ ዋጋ በለጠ። በመጨረሻ አንደኛዋ ለመስተዋትነት፣ አንደኛዋ ለሰዓትነት ተጠቀሙበት አሉ። የእኔ መስመር ከእትዬ ዘመዶች ጋር ነውና የተቈለፈ ስልክ ከእኔ አይገጥምም።

ያገለገለ ስልክም አልቀረኝም፤ ቡፎርድ ሃይዌይ ወርጄ የጠየቅሁት አይፎን ውጭው ያበራል፣ ባትሪው ግን በዕድሜ ደክሟል፤ ያገለገለ የሚገዛም ሰው ኮከብ፣ መሰላል፣ ዜሮ ስድስት፣ መሰላል ነክቶ ቍጥሩን አውጥቶ፣ የተሰረቀ ወይም ዕዳ ያለበት አለመሆኑን ማስመርመር ይኖርበታል። ስልክ ገዝቶ የሌላ ሰው ዕዳ መውረስ የማልችለው ነገር ነውና ወጣሁ።

እንግዲህ የቀረው አዲስ፣ ያልተቈለፈ፣ ከሁለት መቶ የማይዘል ነው። እዚህ ላይ ትምህርቴ ሁሉ በአንድነት ለምስክርነት ተጠራ። በሣጥን ጀርባ የሚጻፈውን የካሜራ ቍጥር በመጀመሪያ ጣልሁት፤ ኀምሳ ሜጋፒክሰል የሚሉት አንዱ እውነተኛ ካሜራ ሲሆን፣ ከጎኑ የሚደረደሩት ሌሎቹ፣ ይልቁንም ሁለት ሜጋፒክሰል ያለው፣ ቍጥር ለመሙላት የተቀጠሩ ናቸው። ሚሞሪውን ግን አጠበቅሁት። 64 ጊጋባይት ለሌላ ሕዝብ ሊበቃ ይችላል፤ ለእኛ አይበቃም። ስድስት የቴሌግራም ግሩፕ ያለው ኢትዮጵያዊ፣ ማለዳ ሲነሣ የማያውቀው ሰው ሠርግ፣ የሙሉ ሰዓት ስብከት፣ የአበባ ሥዕል ላይ የተጻፈ «መልካም ቀን» እና በሦስት ሰው የተላከ አንድ ዓይነት የመድኃኒት ምክር በአንድነት ወርዶ ይጠብቀዋል። ይህን ሸክም 128 ካልሆነ አይችለውም። ሦስተኛው መመዘኛዬ የፊደል ንባብ ነበረ። የእኛ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ከሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ከገባ ወዲህ ባዶ ሣጥን እየሆነ የሚመጣበት ዘመን እየራቀ ሄዷል፤ ነገር ግን ስንክሳርና ውዳሴ ማርያም ለማንበብ ፊደሉን ወደ ታላቁ መጠን ከፍ ሳደርገው፣ አንዳንዱ ስልክ ቃሉን ከወገቡ ቈርጦ ግማሹን ወደ ማዶ ስለሚጥለው፣ በመደብሩ ለማሳያ የተቀመጡትን ሁሉ እየዞርሁ «በእንተ ማርያም» እየጻፍሁ ፈተንኋቸው። አንዲት ሠራተኛ መጥታ ቆማ ስታየኝ ቈየችና ሌላ ባልደረባዋን ጠርታ አሳየችው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን የአፕዴቱ ዘመን ነበረ፤ አሮጌውን ስልኬን የገደለው ይህ ነውና። ከርካሾቹ ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ታድሰው ይተዋሉ። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 በአሜሪካ ያወጣው ኤ16 የተባለው ባለ 5ጂ ስልክ ግን፣ በ199 ዶላር ከ99 ሳንቲም ዋጋው፣ ስድስት ዓመት አፕዴት እንዲያገኝ ቃል የተገባለት፣ 128 ጊጋባይት ሚሞሪና 5,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ ያለው ሆኖ ተገኘ። ዋጋውን ለስድስት ብታካፍሉት በዓመት ሠላሳ ሦስት ዶላር ከሳንቲም ይመጣል። ፍጥነቱ መካከለኛ ነው፤ አንድ አፕ እስኪከፈት ድረስ «አቡነ ዘበሰማያት» ማድረስ ይቻላል፤ ይህም ለነፍስ ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም።

መግዣውን ስፍራ በተመለከተ ከእኅቴ ልጅ ጋር እንደ ገና ክርክር ገጠምን። ከሥራ ቦታዬ አጠገብ በመሐል አትላንታ ልገዛ ስል፣ እርሱ በስልኩ ሒሳብ አወጣ፤ የአትላንታ የሽያጭ ግብር ከመቶ 8.9 ሲሆን፣ በእኛ በዲካልብ ካውንቲ 8 ነው፤ ስለዚህ እዚያ 217 ዶላር ከ79፣ እዚህ 215 ከ99፣ ልዩነቱም አንድ ዶላር ከሰማንያ። «ያውም በዕረፍት ቀንህ መሐል ከተማ ብትሄድ የማርታ ባቡር ሁለት ዶላር ተኵል ነው» አለኝ። በዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ለዩኒቨርሲቲ የከፈልነው ገንዘብ በከንቱ እንዳልሄደ ተሰማኝ።

ግብሩ ግን እዚህም ቢሆን በጀቴን በዐሥራ ስድስት ዶላር አለፈው። ከየት ይምጣ? በዝርዝሬ ውስጥ ሊሰረዝ የሚችል ብቸኛ ቅንጦት በየወሩ መጨረሻ ከወዳጆቼ ጋር የምበላው ክትፎ ነበረ፤ እርሱን ልሠዋ ቈርጬ ሳለሁ ዐቢይ ጾም መግባቱ ታወሰኝ። ኀምሳ አምስቱን ቀን ክትፎው በቀኖና የተሰረዘ ስለሆነ፣ ግብሩን የከፈለችልኝ ቤተ ክርስቲያን ናት ማለት ይቻላል።

በሚሞሪያል ድራይቭ ካለች አንዲት ትንሽ ሱቅ የሸጠልኝ ወጣት ከኔፓል ወገን ነበረ። ሣጥኑን በትሕትና ከፍቶ አሳየኝ፤ ገመድ አለ፣ የቻርጀሩ ራስ ግን የለም። ራሱ ለብቻው ነው የሚሸጠው። ከቨሩም ለብቻው ነው፤ የስክሪን መከላከያ መስተዋቱም ለብቻው። ሦስቱን አንድ ላይ ደምሮ ሲነግረኝ፣ ፊቴ ላይ ያየው ነገር አስደንግጦት መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንክል፣ የአሮጌው ስልክህ ቻርጀር ይሠራል» አለኝ። ለሦስቱ የሚበቃ አልነበረኝምና መስተዋቱን ብቻ ገዛሁ፤ ከቨሩን እትዬ ከባለፈው ዓመት የቀረ አለኝ ብለው ሰጡኝ፤ አበባ ያለበት ነው።

በአዲሱ ስልክ የመጀመሪያውን የቪዲዮ ጥሪ የደወልኩት ጉለሌ ወዳለችው እናቴ ነበረ። አትላንታ መሽቷል፤ አዲስ አበባ ገና ማለዳ ነው። የሳሎኔ አምፖል ደካማ ስለሆነ የፊተኛው ካሜራ የሚችለውን አደረገ።

«ምነው ልጄ፣ ጠቈርህ? ከሳህ እንዴ?»

«የለም እማዬ፣ ካሜራው ነው።»

«ካሜራ ሰው ያከሳል?»

«ስልኩ ርካሽ ስለሆነ ማታ ማታ እንዲህ ያጠቍራል እንጂ ደህና ነኝ።»

«ርካሽ ገዛህ? ሥራ አጣህ እንዴ ልጄ?»

ስለ ስድስቱ ዓመት አፕዴት፣ ስለ ሞገዱ፣ ስለ ላባና ስለ ልያ እያነሣሁ ላስረዳት ሞከርኩ፤ ነገር ግን የእናት ዓይን አንድ ጊዜ የከሳ ልጅ ካየ ሌላ ትርጓሜ አይቀበልም። እኔ እየተናገርሁ ሳለ እርሷ ወደ ጓዳ ትጣራ ጀመር። በርበሬና ሽሮ ይፈጭ፣ ድርቆሽ ይዘጋጅ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2023 ጀምሮ አትላንታ ድረስ ስለሚመጣ የሚሄድ ሰው ይፈለግ፤ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ ሁለት ሻንጣ ይፈቀዳል፣ ግማሹን ለእኔ ይተውልኝ። የጾም ሽሮ ለየብቻ፣ የፍስክ ለየብቻ።

በዚህ መካከል የወንድሜ ልጅ ከአያቷ ትከሻ በላይ ብቅ አለችና ሰላም ካለችኝ በኋላ፣ ሽሮውን የሚያመጣው ሰው ሲመለስ ለእርሷ ስልክ እንድልክላት ለመነች። ምኞቷንም በሥርዓት ዘረዘረች፤ ያልተቈለፈ ይሁን፤ አንዱ ለኢትዮ ቴሌኮም አንዱ ለሳፋሪኮም ሁለት ሲም ይቀበል፤ በአሜሪካ ከአይፎን 14 ወዲህ እንደሚሸጡት የሲም ማስገቢያ የሌለው እንዳይሆን፤ ካሜራውም የጋሼን ፊት እንዳደረገው የሚያደርግ አይሁን። እናቴ ስልኩን ከእጇ ተቀብላ፣ ልጅቷ እንዳትሰማ ይመስል ወደ አፏ አስጠግታ፣

«መቶ ዶላር አይለፍ» አለችኝ፤ «ግን ርካሽ አይምሰል።»

መንገደኛው የዳግማይ ትንሣኤ ማግሥት ተመላሽ ስለሆነ ስልኩ እስከዚያ ተገዝቶ፣ ተፈትኖ፣ ሣጥኑ ተጥሎና በልብስ መካከል ተጠቅልሎ እንዲጠብቅ ታዟል።